ከሐረር ቤት የተነሣው በረራና ተመላላሹ ብልሽት

የሐረር ከተማ፣ አሚር ኑር በ16ኛው ምዕት ዓመት ባሳነጹት ጀጎል ታጥራ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮቿ በየትኛውም ቢወጡ መንገዱ ወይ አቀበት ወይ ቁልቁለት የሚሆንባት አገር በመሆኗ፣ ዘመናዊው የመጓጓዣ ጥበብ ሁለት ጊዜ ወደ አውራጃዋ መጥቶ ሁለት ጊዜም ከደጃፏ ሳይደርስ ቀርቷል። አስቀድሞ የመጣው ምድር ባቡር ነበር፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ቢታሰብም፣ ተራራውን መቍረጡ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ የሚፈጅ ሆኖ ስለተገኘ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ በቆላው ሜዳ ላይ ቆመ፤ በዚያም መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ኋላ የመጣው አውሮፕላንም ረጅምና ደልዳላ መንደርደሪያ የሚሻ ነውና የሐዲዱን ፈለግ ተከትሎ ማረፊያውን በዚያው ሜዳ አደረገ። ስለዚህ የሐረር ሰው ለመብረር ሲነሣ፣ በአወዳይና በሐሮማያ አልፎ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ ከሐረር ገዦች አንዱ የነበሩትን የደጃዝማች ይልማን ስም ወደ ያዘው የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ አውሮፕላን የዘወትር ማረፊያውን በጀጎል ጥላ ሥር ባያደርግም፣ የኢትዮጵያን የበረራ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከሐረር ቤት ሳይነሣ መጻፍ አይቻለውም። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረር አጠገብ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት፣ በ1902 ዓ.ም. የአባታቸውን የልዑል ራስ መኮንንን ግዛት ሐረርጌን የተረከቡት ተፈሪ መኮንን፣ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆነው ሳሉ በ1915 ዓ.ም. ወደ ኤደን ተሻግረው የእንግሊዝን የጦር አውሮፕላኖች ትርኢት ተመለከቱ፤ በመመልከት ብቻም አልረኩም፣ እንዲያሳፍሯቸው ጠይቀው ወደ ሰማይ ወጡ። የዘመኑ መኳንንት አብዛኛው ክፍል ገና የባቡርን ጩኸት ባልለመደበት ጊዜ እርሳቸው በዚያ ቀን ያዩት ነገር ከልባቸው አልወጣም። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የተነዳው ፖቴዝ 25 ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አረፈ፤ ጥቂት ሳምንታትም ሳያልፉ ጀርመን ሠራሹ ዩንከርስ ተከተለው። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊም የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ።

ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለነዚህ አብራሪዎች ሲጽፉ ብርቱዎች ናቸው፤ ሞተሩን ፈትቶ ስለሚገጥመው፣ ዘይቱን ስለሚለውጠው፣ ሽቦውን ስለሚመረምረው ሰው ግን እጅግ ይቈጥባሉ። እኔ ግን የአንድ አገር የበረራ ጥበብ ዕድሜ መቈጠር ያለበት አውሮፕላን ከመጣበት ቀን ሳይሆን የአገሩ ሰው የተበላሸውን አውሮፕላን በገዛ እጁ አድኖ ካስነሣበት ቀን ነው ባይ ነኝ። በዚህ ረገድ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ትንሽ አውሮፕላን ከብዙ የድል ወሬ የበለጠ ትነግረናለች። ይህችን አውሮፕላን ጣሊያኖች ማርከው ወስደዋት፣ ከሮም ብዙም በማይርቀው የአየር ኃይል ቤተ መዘክራቸው ብዙ ዘመን ከኖረች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመልሳለች።

ሐረር ራሷ ግን በዚያው ዘመን የአውሮፕላንን ሌላ ፊት አየች። ያልተመሸገች ከተማ መሆኗ አስቀድሞ ተነግሮ ሳለ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋባቸው ሐኪም ቤቶችም በውስጧ ሳሉ፣ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በላይዋ መጥተው ቦምብ አዘነቡባት። ከዚያ ወዲያ በከተማይቱ ሽማግሌዎች ዘንድ የሞተር ድምፅ ከሰማይ ሲሰማ ቀና ብሎ ማየት መደነቅ ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም የተቀላቀለበት ቢሆን አያስገርምም።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የመንገደኛ በረራ ተመሠረተ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በአሜሪካው ትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ ረዳትነት፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 የተባሉ ዳግላሶች ነበሩ። የእነዚህን አውሮፕላኖች ሞተር ጠባይ ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ታይቶ ጠፍቶ የሚመለሰው የተመላላሽ ብልሽት ምሥጢር ሁሉ በእርሱ ውስጥ በትንሹ ይታያልና።

ከሁለቱ ሞተሮች እያንዳንዱ በክብ የተደረደሩ 14 ሲሊንደሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ካንዴላ ይገባለታል፤ ስለዚህ በአንድ አውሮፕላን ላይ 56 ካንዴላ አለ ማለት ነው። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡት በየሞተሩ ያሉት ሁለት ማግኔቶዎች ናቸው፤ አንደኛው ቢሰንፍ ሁለተኛው ሥራውን እንዲሸፍን ተብሎ የተደረገ ነው። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ሞተሩን በኃይል እያስጮኸ አንዱን ማግኔቶ አጥፍቶ ሌላውን ያያል፣ ያንንም አጥፍቶ ይህን ያያል፤ የሞተሩ ዙር ከተፈቀደው ልክ በላይ ከወረደ አይነሣም፤ ካልወረደ ይነሣል። ነገር ግን አየሩ ወፍራም በሆነበት በምድር ላይ ፈተናውን ያለፈው ማግኔቶ፣ አውሮፕላኑ ተራራ ለመሻገር ከፍ ባለና አየሩ በሳሳ ጊዜ፣ ኤሌክትሪኩ ሊሄድበት ወደሚገባው ካንዴላ መሄዱን ትቶ በራሱ በማግኔቶው ውስጥ ይዘልላል፤ ሞተሩም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አብራሪው ተመልሶ ሲያርፍ፣ መካኒኩ በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ቆሞ ያንኑ ሞተር ሲያስነሣ ግን ድምፁ የጠራ፣ ዙሩ ያልጐደለ ሆኖ ያገኘዋል። ብልሽቱ የሚኖረው በሰማይ ነውና በምድር ቢፈልጉት አይገኝም።

ለሐረር ሕዝብ ይህ ነገር የመካኒኮች ወሬ ብቻ አልነበረም፤ የገበያ ጉዳይም ነበር። በአወዳይና በሐረር ዙሪያ ከሚበቅለው ጫት ተለቅሞ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በመኪና ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው በአውሮፕላን ወደ ኤደንና ወደ ጅቡቲ ይሻገር ነበር። ጫት ከተቈረጠ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ዋጋ የሌለው ቅጠል ስለሚሆን፣ አውሮፕላኑ ተነሥቶ በሞተር ችግር በተመለሰ ቍጥር ነጋዴው ሙሉ ጭነቱን ከነላቡ ያጣ ነበር። እንግዲህ በአንድ ወገን ቸኵሎ እንዲነሣ የሚፈልግ ገበያ፣ በሌላ ወገን ምክንያቱ ሳይታወቅ አይነሣም የሚል መካኒክ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ተመላላሽ ብልሽት የሚያድገው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ሥፍራ ነው። በድሬዳዋ ላይ ደግሞ የአገሩ ጠባይ ይጨመርበታል። ማረፊያው ከባሕር ወለል 1,160 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሲሆን ቀኑ እጅግ ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ሳስቶ ክንፉን አጥብቆ አይሸከምምና መንደርደሩ ይረዝማል፤ ከተነሡም በኋላ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የጨርጨርን ተራሮች መሻገር አለ። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ሞተር የደከመበት አብራሪ የሚያስብበት ጊዜ አጭር ነው።

ተመላላሽ ብልሽት የምለው እንግዲህ አንድ ጊዜ ታይቶ የተጠገነውን አይደለም፤ ታይቶ፣ ጠፍቶ፣ ተጠገነ ተብሎ ተፈርሞበት፣ እንደገና የሚታየውን ነው። በድሬዳዋ ቆላ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወባ የያዘው ሰው ሌሊቱን ሲንዘፈዘፍ አድሮ ሐኪሙ በደረሰ ጊዜ ላቡ ደርቆ፣ ትኩሳቱ በርዶ፣ ደኅና መስሎ ይገኛል፤ ብልኅ ሐኪም ግን የዛሬውን ግንባር ብቻ ዳስሶ አይሄድም፣ ትናንትስ ከትናንት ወዲያስ እንዴት ነበርክ ብሎ ይጠይቃል። አውሮፕላንም ከተነሣ በኋላ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከፍታው ይበርዳል፣ በውስጡ ያለው እርጥበት ይቀዘቅዛል፣ መንኰራኵሮቹ ወደ ሆዱ ይገባሉ፣ ሽቦዎቹ ይሳባሉ፣ መጋጠሚያዎቹ ይላላሉ፤ ሃንጋር ውስጥ ቆሞ ሳለ ግን ከእነዚህ አንዱም የለበትም። ስለዚህ መካኒኩ በቅን ልቡና ፈትኖ ምንም ብልሽት አላገኘሁም ብሎ ቢጽፍ የጻፈው እውነት ነው፤ እውነቱ ግን የምድር እውነት ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር ሙያው ካገኛቸው መድኃኒቶች ሁሉ የሚበልጠው ከብረትም ከኤሌክትሪክም የተሠራ ሳይሆን ከወረቀት የተሠራ ነው፤ እርሱም ከአውሮፕላኑ የማይለየው መዝገብ ነው። አብራሪው ያየውን ይጽፋል፣ መካኒኩ ያደረገውን ይጽፍና ይፈርማል፣ ተከታዩ አብራሪም ሁለቱን አንብቦ ይቀበላል። በአንዱ ገጽ ላይ ያለው ቃል በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲደጋገም የታየ እንደሆነ ነገሩ ከተራ ጥገና ወጥቶ የተለየ ምርመራ ይደረግለታል፤ የግራው መሣሪያ ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ እየተዘዋወረ፣ ብልሽቱ መሣሪያውን ተከትሎ እንደሄደ ወይም ከሽቦው ጋር በስፍራው እንደቀረ ይታያል። ሐረር ለእንዲህ ያለው የመዝገብ ሥርዓት እንግዳ አልነበረችም። በ19ኛው ምዕት ዓመት በአሚሮቹ ዘመን የከተማይቱ ቃዲዎች የመሬቱን ሽያጭ፣ የጋብቻውን ውልና የውርሱን ክፍያ በዐረብኛ በመዝገብ እያሰፈሩ ያኖሩት ነበር፤ ባለ ርስቱ ከሞተ፣ ምስክሩም ካለፈ በኋላ ክርክር በተነሣ ጊዜ የሚናገረው መዝገቡ ነበር። የአውሮፕላኑ መዝገብ ሥልጣንም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ትናንት የበረረው አብራሪ ዛሬ በሌላ አገር ሰማይ ላይ ነውና፣ በቦታው የሌለውን ሰው ወክሎ የሚመሰክረው ጽሑፉ ብቻ ነው።

በሰማይ ላይ ሳሉ ብልሽቱ ለተነሣባቸው ሰዎች ደግሞ የሥራው ቅደም ተከተል በዘመናት ብዛት፣ በብዙ ሕይወትም ዋጋ የተገኘ ነው። አስቀድሞ አውሮፕላኑን ማብረር፤ ማለት አፍንጫውን፣ ክንፉንና ኃይሉን በሚታወቀው ልክ መያዝ፤ ቀጥሎ የትኛው መሣሪያ እውነት እንደሚናገር መለየት፤ ከዚያም አንዱ እያነበበ ሌላው እየፈጸመ የተጻፈውን ዝርዝር መከተል፤ በመጨረሻም መቀጠል ወይም መመለስ። ከተነሡ ወዲያው መመለስ ራሱ ቀላል አይደለም፤ አውሮፕላኑ ነዳጅ ጠግቦ የከበደ ነውና ለማረፍ ከተወሰነው ክብደት በላይ ሊሆን ይችላል። እኔ ስለዚህ ሥርዓት ባነበብኩ ቍጥር ልቤን የሚነካው ግን የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ከጭንቅ ወጥቶ ያረፈ ሰው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን፣ ያየውን ሁሉ ሳያስቀር እንዲጽፍ ግዴታ አለበት።

የጄት ዘመን በኢትዮጵያ የጀመረው አየር መንገዱ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 አውሮፕላኖችን ባመጣ ጊዜ ነው፤ የልደታው አሮጌ ማረፊያ ለእነርሱ አጭር ስለሆነ የቦሌው ተሠራ። ቀስ በቀስም ሙያው በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የመንገደኛ አውሮፕላን አዛዥ ሆኑ፤ ኮሎኔል ሥምረት መድኃኔ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ የአብራሪዎችና የጥገና ቴክኒሻኖች ትምህርት ቤቶችም ተከፍተው የሌሎች አፍሪካ አገሮችን ወጣቶች ጭምር አስተማሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማግኔቶውና ካንዴላው ታሪክ ሆኑ፤ በምትካቸው ኮምፒዩተር መጣ። ተመላላሹ ብልሽት ግን አብሯቸው አልጠፋም፤ ጠባዩን ለወጠ እንጂ። የቀድሞው ሞተሩን ያደክም ነበር፤ የአሁኑ መሣሪያውን ሐሰት ያናግረዋል፣ ኮምፒዩተሩም ያንን ሐሰት አምኖ በአብራሪው ፈንታ ይሠራል።

የዚህ ዓይነቱ ብልሽት እጅግ ግልጽ ሆኖ የታየው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያም በኢትዮጵያ ሳይሆን በኢንዶኔዥያ ነበር። ላየን ኤር የተባለው የዚያ አገር አየር መንገድ ከተረከበው ገና ሦስት ወር ያልሞላው ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን ነበረው። ከጥቅምት 16 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካፒቴኑ በኩል የፍጥነቱና የከፍታው ማሳያ መሳት ጀመረ፤ በየማረፊያው ተፈተነ፣ ተጠራረገ፣ ዳግም ተነሣ፤ ብልሽቱም ዳግም መጣ። ጥቅምት 18 ቀን በባሊ ደሴት በዴንፓሳር፣ ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለካው የግራው ሴንሰር በሌላ ተለወጠ፤ የተተካው ግን በአሜሪካ ፍሎሪዳ ታድሶ ሳለ 21 ዲግሪ ያህል ተዛብቶ የተስተካከለ ነበር። በዚያ ምሽት አውሮፕላኑ ወደ ጃካርታ በተነሣ ጊዜ መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ማስጠንቀቂያ ገና ከመሬት ሲለቅ ጀመረ፤ ኤምካስ የተባለውና በአብራሪዎቹ መጽሐፍ ያልተገለጸው የኮምፒዩተር ሥርዓትም የግራውን ሴንሰር ብቻ አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋ ጀመር። በዚያን ጊዜ በአብራሪዎቹ ክፍል ሦስተኛ አብራሪ በትርፍ ወንበር ተቀምጦ ነበርና፣ ከእነርሱ ጋር ተመካክሮ የጭራውን አግድም ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ እንዲዘጉ ሆነ፤ ዘጉትም፤ ማስጠንቀቂያው እስከ መጨረሻው እየተንቀጠቀጠ ጃካርታ ደረሱ።

እዚህ ላይ ነው መዝገቡ የጐደለው። ካረፉ በኋላ የፍጥነትና የከፍታ ማሳያው መሳቱን ጻፉ፤ መሪው መንገዱን ሁሉ ሲንቀጠቀጥ መምጣቱንና የጭራውን ኤሌክትሪክ መዝጋታቸውን ግን አልጻፉም። የሌሊቱ መካኒኮች ያነበቡትን ይዘው የአየር መስመሩን አጠቡ፣ የሽቦ መጋጠሚያውን አጸዱ፣ በምድር ላይ ፈተኑት፤ አለፈ። በማግስቱ ጥቅምት 19 ቀን ንጋት ላይ ሌሎች አብራሪዎች ተረክበውት ተነሡ፤ ከተነሡ 12 ደቂቃ ያህል በኋላ በጃቫ ባሕር ወደቀ፤ 189 ሰዎች አለቁ። የአውሮፕላኑ ሠሪ ኩባንያና የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በቀጣዩ ሳምንት ለዓለም አብራሪዎች ማሳሰቢያ አወጡ፤ ማሳሰቢያው እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማችሁ የጭራውን ኤሌክትሪክ ዝጉ፣ በእጅም አዙሩት የሚል ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተረከበው ኢቲ-ኤቪጄ የተባለው ማክስ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አዲስ አበባ የገባ አዲስ አውሮፕላን ነበር። ኋላ ከአደጋው በኋላ የተደረገው ምርመራ የመጀመሪያ ዘገባ እንደሚያሳየው፣ ከገባ ገና ጥቂት ሳምንታት ሳይቈጠሩ የከፍታውና የሽቅብ ፍጥነቱ ማሳያ ለጊዜው እንደተዛባ፣ በራሱ በሚበርበት ጊዜም ወደ ጐን እንደተንከባለለ በመዝገቡ ተጽፎ ነበር፤ ጥገና ተደረገለት፤ እንደገና መከሠቱም አልተመዘገበም። ሦስት ወር ያህል አለፈ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38፣ 149 መንገደኞችና 8 ሠራተኞች ይዞ ወደ ናይሮቢ ከቦሌ ተነሣ። ከተነሣ ደቂቃ ሳይሞላ የግራው የማዕዘን ሴንሰር ከቀኙ ተለየ፤ ቀኙ 15 ዲግሪ ሲል ግራው 74 ተኩል አለ። የካፒቴኑ መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ኤምካስ አፍንጫውን አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ጊዜ ደፋ።

ካፒቴኑ የ29 ዓመት ሰው ሆኖ ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ፣ ረዳቱ ደግሞ የ25 ዓመት ወጣትና በሙያው ገና ጀማሪ ነበር። ይህ ወጣት ግን የችግሩን ስም ያወቀው ፈጥኖ ነው፤ የጭራውን ኤሌክትሪክ እንዝጋ ሲል ለካፒቴኑ ተናገረ፣ ካፒቴኑም ተስማማ፣ ዘጉትም፤ ማሳሰቢያው እንዳዘዘው። ከዚያ በኋላ ያለውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሞተሮቹ በመነሻው ኃይል ላይ እንዳሉ ነበሩና ፍጥነቱ እጅግ በዝቶ፣ በጭራው ላይ የሚገፋው ነፋስ በእጅ የሚዞረውን መዘውር እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ያዘው፤ ረዳቱ ሞከረ፣ አልዞረም። አፍንጫውን በክንዳቸው ኃይል ብቻ ቀና አድርገው ለመያዝ ሁለቱም ጐተቱ። በመጨረሻ ኤሌክትሪኩን መልሰው ከፍተው አፍንጫውን ሊያቀኑ ሲሞክሩ ኤምካስ እንደገና ተነሣ፤ ከተነሡ ስድስት ደቂቃ በኋላ፣ ከቢሾፍቱና ከሐረር ሜዳው የአየር ኃይል ሰፈር ብዙ ሳይርቅ፣ በጊምቢቹ ወረዳ በኤጄሬ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ በተባለ ስፍራ ወደቁ። የ35 አገር ሰዎች፣ 157 ነፍሳት በዚያ አለቁ። አገሮች ማክሶችን ከበረራ ሲያግዱ፣ የአሜሪካው ትእዛዝ የወጣው መጋቢት 4 ቀን ነው።

ስለ ምክንያቱ ሁለት አገሮች ሳይስማሙ ቀርተዋል፤ ይህንንም ሳልሸሽግ መናገር ይገባኛል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ ዘገባ፣ ሴንሰሩ የሳተው ከፋብሪካው ጀምሮ በአውሮፕላኑ ውስጥ ከነበረ የኤሌክትሪክ ጉድለት የተነሣ ነው ሲል፣ የአሜሪካው የምርመራ ቦርድ ወፍ መትቶት ሳይሆን አይቀርም ብሎ፣ የአብራሪዎቹ ሥራም በበቂ አልተመረመረም ሲል ተከራክሯል። እኔ የኤሌክትሪክ ሊቅ አይደለሁምና ወፉን ወይም ሽቦውን ልፈርድበት አልችልም። ነገር ግን ወፍም ይሁን ሽቦ፣ ከሁለት ሴንሰሮች የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ የመንገደኛ አውሮፕላንን አፍንጫ ደጋግሞ እንዲደፋ ሥልጣን ለአንድ መሣሪያ መሰጠቱ በሁለቱም ወገን ያልተካደ ነው። የሐረር ቃዲ አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ ርስት አይነቅልም ነበር። በጥቂት ሰከንዶች ጭንቅ ውስጥ ሆነው የተጻፈውን ማሳሰቢያ የፈጸሙትን ሁለት ሰዎች ከመሣሪያው አስቀድሞ መክሰስ ፍትሐዊ ሆኖ አላገኘሁትም።

የተደረገው ማሻሻያ ይህንኑ የሚያርም ነው። አሁን ኮምፒዩተሩ የግራውንና የቀኙን ሴንሰር ያስተያያል፤ በመካከላቸው 5 ተኩል ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ ኤምካስ አይነሣም፤ ቢነሣም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አብራሪው በመሪው ሊያሸንፈው ከሚችለው በላይ እንዲደፋም አይፈቀድለትም። የሥርዓቱ ስምና ሥራ በአብራሪዎች መጽሐፍ ገብቷል፤ አብራሪዎቹም በምስለ በረራ መሣሪያ ተለማምደው ካላለፉ አይነዱትም። የአሜሪካ ባለሥልጣን ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. እገዳውን አነሣ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ከዚያ በኋላም ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አውሮፕላኑን ወደ ሥራ መለሰ። በቱሉ ፈራ ሰማይ ላይ በግራና በቀኝ ሴንሰሮች መካከል የነበረው ልዩነት 59 ዲግሪ ያህል ነበር።